ወንድሟ ያላረመላት ሒሳብ

አኮሲታን በቶንጋ አገር፣ በኤዋ ደሴት የማያውቃት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመንደሯ ባለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ረዳት መምህርት ነበረች። ዛሬ ጢማቸው ያቀመቀመ ጎረምሶች እርሳስ አያያዝ የተማሩት ከእሷ ነው። ሰውነቷ ትልቅ፣ ድምፅዋ ትልቅ፣ ሳቋ ደግሞ ከሁለቱም የሚበልጥ። አሳማ አጥር ጥሶ ሲያመልጥ ሮጣ የምትይዝ፣ ማዕበል ጀልባውን ሲያንገላታውና ተሳፋሪው ሁሉ ሲያስመልሰው መዝሙር የምታወጣ ሴት ናት። ይህች ሴት በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ክፍልፋይ ነው። አንድ ቁጥር ሌላ ቁጥር ላይ ተቀምጦ መሐላቸው መስመር ተሰምሮ ካየች ወረቀቱን ገልብጣ ታስቀምጣለች።

ነገሩ ከልጅነቷ የመጣ ነው። እነሱ ዘንድ ልጆች ማባዛትን የሚማሩት በዜማ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ፣ እያጨበጨበ፣ ድምፅ ለድምፅ ተቀባብሎ። አኮሲታ ድምፀ መረዋ ስለነበረች ከፊት ትቆማለች። ዜማውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ቁጥሩን ግን አታውቀውም። በኅብረት መዝሙር መሐል ያልገባው ሰው አይታወቅበትም፣ አፍ መክፈት ይበቃዋል። እንዲህ እየዘመረች ስድስተኛ ክፍል ደረሰች። ስድስተኛ ክፍል ላይ አንድ መምህር ብቻዋን ሰሌዳ ፊት አቆማትና ሁለት ክፍልፋዮች ደምሪ አላት። ለዚህ ደግሞ ዜማ አልወጣለትም። ጠመኔዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በእነሱ አገር በተሳሳተ ሰው መሳቅ ነውር የለውም፤ የተሳሳተውም አብሮ ይስቅና ነገሩ በዚያው ያልፋል። አኮሲታም አብራ ሳቀች። ነገሩ ግን አላለፈላትም፤ ማታ ብቻዋን አለቀሰች፣ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ላይኛው ትምህርት ቤት የሚያስገባውን ፈተና ወደቀች።

ከዚያ ወዲያ የቁጥር ነገር በተነሳ ጊዜ ሁሉ ቀድማ መሳቅ ልማዷ ሆነ። «እኔ የተፈጠርኩት ለመዝሙር ነው» ትላለች፤ ሰውም አብሯት ይስቅና ይተዋታል። ሳቁ ጋሻዋ ነበር። ጋሻ ደግሞ ከጦር ያድን እንደሆነ እንጂ ሒሳብ አያስተምርም።

ባሏ ፍሬ ለቀማ ብሎ ኒውዚላንድ ከሄደ በኋላ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀርቷል። ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ በየዓመቱ አፍንጫቸውን ሳይጠርጉ፣ የእናታቸውን ቀሚስ አንለቅም እያሉ ወደ ክፍሏ የሚገቡት ሕፃናት ልጆቿም፣ ቤቷም፣ ቀኗም ነበሩ። ያን ክፍል ብታጣ ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ቦታ የላትም። ይህን መንደሩም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ታዲያ አንድ ዓመት ላይ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ደንብ አወጣ። የአምስተኛ ፎርምን፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃውን፣ የሒሳብ ፈተና ያላለፈ ረዳት መምህር ክፍል ውስጥ አይቆምም ተባለ። ሦስት ጊዜ መፈተን ይቻላል፤ ሦስቴ የወደቀ ግን በሰላም ይሂድ። አኮሲታ ለመጀመሪያው ፈተና ጀልባ ተሳፍራ ወደ ዋናው ደሴት ተሻገረች፤ ስሟን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ጻፈች፤ ጥያቄዎቹን ከላይ እስከ ታች አየችና ወረቀቱን መልሳ ወጣች። ውጤቷ ሲነገራት እንደ ልማዷ ሳቀች። ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቀም። ልጆቹ እንደሚወዷት እሱም እንደሚያውቅ፣ ደንቡ ግን ፍቅርን እንደማይቆጥር ነገራት።

በመንደሩ ሒሳብ በማስተማር ወደር የሌለው የትምህርት ቤት መምህሩ ኬፑዌሊ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጎልማሶችን ያስተምራል፤ እሱ ዘንድ ተምሮ ያላለፈ የለም። መከራው ግን ኬፑዌሊ ወንድሟ መሆኑ ላይ ነው።

በሌላው አገር ቆጠራ የአክስት ልጅ ሊባል ይችላል፤ እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ወንድም ወንድም ነው። አኮሲታን እናቷ ስትሞት ያሳደጓት የእናቷ እህት እማማ ሌሲዬሊ ናቸው፤ ኬፑዌሊ የእሳቸው ልጅ ሲሆን በዕድሜ ያንሳታል። በቶንጋ እህት የወንድሟ የበላይ ናት። ወንድም እህቱ ባለችበት አይቀልድም፣ ክፉ ቃል አይወጣውም፣ አንድ ጣሪያ ስር አብሯት ዘና ብሎ አይቀመጥም። ኬፑዌሊ ገና ጉርምስና ሲጀማምረው ከቤት ወጥቶ ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጎጆ ማደር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ፊት ለፊት የተነጋገሩት ቃል ቢለቀም እፍኝ አይሞላም። መልእክት ካለ በእማማ ሌሲዬሊ በኩል ያልፋል። ይህ ጥል አይደለም፤ የሚዋደዱት እንዲህ ተራርቀው ነው።

እማማ ሌሲዬሊ ነገሩን ብዙ ካወጡና ካወረዱ በኋላ ፈቀዱ። አዳራሽ እንጂ ጓዳ አይደለም፣ ከኋላ በበሩ አጠገብ ተቀመጪ አሏት። አኮሲታም በአገሩ ለክብር ወገብ ላይ የሚታጠቀውን የክት ምንጣፏን ታጥቃ ሄደች።

የኬፑዌሊ ትምህርት ጩኸት የበዛበት ነው። አንድ ሰው ይነሳና ሰሌዳው ላይ ይሠራል፤ የቀሩት ደግሞ ስህተቱን ያድናሉ። ያገኘ ይፎክራል፤ የተሳሳተው ለምን እንደተሳሳተ በገዛ አፉ ሳያስረዳ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ማንም ሰው ሲሳሳት የሚያፍረው ስህተቱን ስለሚሸሽ ነው፣ አንገቱን ይዞ ካመጣው ግን አያስፈራውም ይላል ኬፑዌሊ። ባለሱቋን ኢላይሳኔን፣ ያንቺ መቶኛ እንኳን ሰውን አሳማንም ያጭበረብራል ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሲጥለው፣ እሷም የተለማመድኩት ባንተ ዱቤ ላይ ነው ብላ ትመልስለታለች። ሰው እየሳቀ ይሳሳታል፣ እየተሳሳተ ይማራል።

አኮሲታ የገባች ቀን ሳቁ ድንገት ቀጥ አለ። እህት በተቀመጠችበት ማን ይቀልዳል? ኬፑዌሊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቀብር ጸሎት የሚያሳርግ ይመስል ያስተምር ጀመር። ተማሪዎቹ ባፋቸው ምንም ባይሏት በሆዳቸው ረገሟት። ተራዋ ደርሶ ሰሌዳ ላይ ስትሠራ ኬፑዌሊ ወለል ወለሉን እያየ «መልካም ነው» ይላል፤ ማንም ስህተት ሳያድን ሰሌዳው ይጠረጋል። የቤት ሥራ ሲመለስ የሌላው ሰው ወረቀት በቀይ ተዥጎርጉሮ ይመጣል፤ የእሷ ግን አንድ ጭረት አይነካውም።

ይህ ለአኮሲታ የልብ ልብ ሰጣት። ዕድሜ ልኳን ያስጨነቃት ነገር እንዲህ ቀላል ኖሯል? ሰሌዳ ላይ የተሠራውን ሁሉ እየገለበጠች፣ እንደ መዝሙር እየደጋገመች በቃሏ ያዘችው። ማየትና ማወቅ አንድ መሰሏት። ቁጥር ሲነሳ መሳቋን ተወች፤ እንዲያውም ርዕሰ መምህሩን መንገድ ላይ አስቁማ ዘንድሮ ያየኛል አለችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ሁለተኛውን ፈተና እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሞልታ ጻፈች። ወደ ኤዋ ስትመለስ ጀልባው ላይ እየዘመረች ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን ባዶ ወረቀት ሰጥታ ከወጣችበት ጊዜ በጥቂት ነጥብ ብቻ የሚሻል ሆነ። በመጀመሪያው ጊዜ ምንም ስላልጻፈች መውደቋ አልገረማትም ነበር። አሁን የወደቀችው የምታውቀውን ሁሉ ጽፋ ነው። ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚሰብር ነገር ምን አለ? ደደብ መሆኗን አሁን በማስረጃ ያረጋገጠች መሰላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣችም።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ የፓንዳነስ ቅጠል እየሰነጠቁ ምንጣፍ ወደሚጎነጉኑበት ቤት ሄዳ አንዱ ጥግ ተቀመጠች። ያጽናኗታል። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይሏታል። ኢላይሳኔ ግን ማጽናናት አልተፈጠረባትም፤ ቅጠሏን እየዳበሰች ተናገረች።

«እኔን በየሳምንቱ ነው የሚሰድበኝ፤ ይኸው አለፍኩ። አንቺን አንድ ቀን ሰድቦሽ ያውቃል?»

«ስድብ ምን ያደርግልኛል? ሁልጊዜ መልካም ነው ነበር የሚለኝ።»

«ታዲያ እህቱ አይደለሽ እንዴ? ምን ሊልሽ ኖሯል? አንቺ እኮ ሰሌዳው ላይ ዓሣ ብትስዪለትም መልካም ነው ይልሽ ነበር።»

ሁለት ሴቶች ሳቁና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። አኮሲታ ዙሪያዋን ስታይ ሁሉም ቅጠላቸው ላይ አቀርቅረዋል። ያኔ ገባት። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። በአዳራሹ የነበረው ሁሉ እየተሳሳተች መሆኗን ያያል፣ ማንም ግን ትንፍሽ አላለም፤ ወንድሟ ያላረመውን ማን ደፍሮ ያርማል? ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኬፑዌሊ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ የነቀዘውን የበላችው ደግሞ እሷ ናት።

ንዴቷ አላስቀምጥ አላት። በቀጥታ ወደ እማማ ሌሲዬሊ ሄደች። አሮጊቷ እንደ ጎደሬ ያለውን ታሮ እየላጡ ነበር፤ ቢላቸውን ሳያስቀምጡ አዳመጧት።

«አክብሮሽ ነው» አሉ።

«አክብሮ ገደለኝ፣ እማማ።»

«አንቺን በሰው ፊት ቢያርምሽ የምዋረደው እኔ ነኝ። እህቱን የማያከብር ልጅ አሳደገች ይሉኛል። ሌላ መምህር ፈልጊ።»

ሌላ መምህር አልነበረም። ለብቻዋ ያስተምራት እንዳይባል፣ ወንድምና እህት ለብቻቸው መቀመጣቸው ከሁሉ የባሰ ነውር ነው። አኮሲታ እየተንገበገበች ወጣች። መንገድ ላይ ግን ከብስጭቷ መሐል አንድ ነገር ብልጭ አለላት። እህት የበላይ ናት ከተባለ፣ የበላይ ደግሞ ያዛል። ወንድም የእህቱን ትዕዛዝ እምቢ አይልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራዋን ሳትጠብቅ ተነስታ ሰሌዳው ዘንድ ቀረበች። ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛ ደምራ፣ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ አጋጥማ፣ ሦስት ሰባተኛ ብላ ጻፈች። ኬፑዌሊ ወለሉን እያየ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«ኬፑዌሊ፣ እህትህ አይደለሁም?»

«ነዎት እንጂ» አለ፣ ግራ ገብቶት።

«እንግዲያው ላዝህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሌላው ሰው እረመኝ። ልክ ካልሆነ ልክ አይደለም በለኝ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት።»

ኬፑዌሊ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። መሐረቡን አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እምቢ ቢል ትዕዛዟን ጣሰ፤ እሺ ቢል ክብሯን ደፈረ። የትም ቢዞር መውጫ አጣ። አንዳንዶቹ ተነስተው ለመሄድ ዳር ዳር አሉ። በመጨረሻ ዓይኑን ወደ ወለሉ መልሶ፣

«ተሳስተዋል» አለ።

ቃሉ አኮሲታን እንደ ጥፊ መታት። ራሷ አዝዛ ያስወጣችው ቃል ነው፤ ቢሆንም አመማት። እሱም የቀጠለው አሁንም ወለሉን እያየ ነው።

«ሁለት ሦስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?»

«ይበልጣል» አለች ጥቂት አስባ።

«ሦስት ሰባተኛስ?»

ሰባት ቦታ የተሰነጠቀ ቅጠል ዓይኗ ላይ መጣ፤ ከዚያ ሦስቱን ብቻ አነሳች። «ያንሳል» አለች።

«ታዲያ ጨምረውበት እንዴት አነሰ?»

አኮሲታ የጻፈችውን መልሳ አየችው። አየችው ማለት ዛሬ ገና ነው። ታሮ የያዘ ቅርጫት ላይ ተጨማሪ ታሮ ጥለህበት ቅርጫቱ ቀለለ እንደማለት ነው። ይህን የሚያህል ነገር ዓይኗ ስር ተቀምጦ ስንት ዓመት አልታያትም። ያ የድሮ ሳቅ ከኋላዋ እስኪፈነዳ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። የሳቀ የለም። ለምን እንደተሳሳተች ለሁሉም እንድታስረዳ ኬፑዌሊ የራሱን ደንብ አስታውሶ ለመናት፤ አስረዳች፣ ቁርጥራጮቹ እኩል ሳይሆኑ መቁጠር እንደማይገባ፣ መጀመሪያ ሁሉንም አሥራ ሁለት ቦታ መሰንጠቅ እንደሚሻል። አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ። ተመልሳ ተቀመጠች፤ አልሞተችም። ይህ ራሱ ገረማት።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ተሳሳተች። ኬፑዌሊም በየቅዳሜው፣ ወለሉን እያየ፣ እርስዎ እያለ፣ አረማት። ከመሥራቷ በፊት መልሱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል እንድትገምት፣ ከሠራች በኋላም የገዛ መልሷን እንደ ሌባ እንድትጠረጥረው አስተማራት። ከባዱን አይጀምሩ፣ አለ ለአዳራሹ በሙሉ የሚናገር መስሎ፤ የሚችሉትን ሠርተው ልብዎ ሲሞላ አንድ እርምጃ ብቻ ይጨምሩ። ሳምንቱን ሙሉ ትቶ አርብ ላይ መቆለል ምንም እንደማይረባ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ግን እንደሚያጸና ነገራቸው። መገልበጡን ከለከላት። የተሠራውን ሸፍና፣ ከባዶ ወረቀት ተነስታ፣ ስትጠፋም ጠፍታ መንገዷን እንድታገኝ አደረጋት።

በሥራ ቀን ደግሞ ጎንጓኞቹ ሴቶች ዘንድ ትሄዳለች። የተማረችውን ለእነሱ ታስረዳለች። ሴቶቹ ርኅራኄ የላቸውም፤ አልገባንም ካሉ አልገባንም ነው። ኢላይሳኔማ የሚገባትን እንኳ አልገባኝም እያለች ታደክማታለች። አኮሲታ ግን አንድ ነገር ልብ አለች፤ ሴቶቹ ያልገባቸው ቦታ ሁሉ እሷም በትክክል ያልገባት ቦታ ነው። ወደዚያው ተመልሳ ትቆፍረዋለች። ቀስ በቀስ «መልካም ነው» የሚለው ቃል የሰጣት ድፍረት ሳይሆን ሌላ ዓይነት ነገር ልቧ ውስጥ ይረጋ ጀመር። ይህኛው ዝም ያለ ነው፣ አይፎክርም። ብሳሳት አገኘዋለሁ የሚል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በነጻ አልመጣም።

ለወሬ የለው ፍሬ እንዲሉ፣ ነገሩ ከአዳራሹ ወጥቶ ወንዶቹ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ክብ ሠርተው ወደሚጠጡበት ደረሰ። አኮሲታ አዘዘችው የሚለው ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀና ኬፑዌሊ እህቱን በሰው ፊት ገሠጸ የሚለው ብቻ ቀረ። አንድ ምሽት ወደ ክቡ ሲገባ አንዱ ሽማግሌ፣ ዝም በሉ፣ እህቱን የሚቆጣው መጣ አለ። ቀልድ ነበር ተባለ፤ ጽዋው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ዘንድ የሚደርሰው በመጨረሻ ሆነ። መንደር ራሱ የማይሠራውን ሒሳብ ለሌላው ማረም አይቸግረውም። እማማ ሌሲዬሊም ለአኮሲታ በየእሑዱ የሚልኩላትን በኮኮናት ወተት ርሶ በቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ተዉት። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲገናኙ ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

አኮሲታ ይህን ሁሉ ታያለች። ኬፑዌሊ እየከሳ መምጣቱን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ሲገባ እንደ ተከሳሽ መሆኑን ታያለች። ትዕዛዜን አንስቼልሃለሁ ለማለት አንዲት ቃል ይበቃት ነበር። ቃሏን ስንቴ አፏ ላይ አድርሳ ዋጠቻት፤ የሕፃናቱ ፊት እየመጣባት። ራሷን ጠላች፤ ቢሆንም ጠመኔውን አነሳች።

በሦስተኛው ፈተና ቀን ባሕሩ ክፉ ነበር። አኮሲታ አልዘመረችም። የፈተናውን ወረቀት ስትገልጥ ከመጀመሪያው ጥያቄ አልጀመረችም፤ የምትችለውን ፈልጋ እሱን ሠራች፣ ቀጥላ ጎረቤቱን። አንዱ ላይ የአንድ ሰው ድርሻ ከጠቅላላው የሚበልጥ ሆኖ ወጣላት። ባለፈው ዓመት ቢሆን ጽፋ ታልፈው ነበር። አሁን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለራሷ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ተሳስተሻል አለች፤ ወደ ኋላ መስመር በመስመር ተመልሳ የተጣመመውን አገኘችና አቃናችው። ያልቻለቻቸውም ነበሩ። እነሱን ባዶ ተወቻቸው።

ውጤቱ ሲመጣ በጭንቅ ቢሆንም አልፋ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እጇን ጨብጦ ክፍሉ የአንቺ ነው አላት። ሕፃናቱ ነገሩ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። እዚያው ቆማ እያለች ግን አንዷ መምህርት፣ ለወንድምሽ አዝናለሁ፣ የሚሄድበት ሩቅ ነው አለቻት። ኬፑዌሊ ራሱ አመልክቶ፣ መርከብ እንደ ዓመት በዓል ወደሚጠበቅበት ወደ ሰሜኑ ኒዋ ደሴት እንዲያዛውሩት ጠይቋል። ቅዳሜ ይሄዳል። ለአኮሲታ የነገራት ሰው አልነበረም፤ መልእክት ያመላልሱ የነበሩት እማማ ሌሲዬሊ ዝም ብለዋልና።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ደጋግማ አሰበችው፤ በመጨረሻም አንድ መልስ ላይ ደረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኬፑዌሊ የተጠቀለለ ምንጣፉንና ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ እማማ ሌሲዬሊ አጠገቡ ያለቅሳሉ። እህት በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሩቅ ትቆማለች እንጂ አትጠጋም። አኮሲታ ሰዉን ሰንጥቃ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ኬፑዌሊ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሰኞ ክፍሉን እለቃለሁ። ያዘዝኩህን ሁሉ በዚህ ሰው ፊት አንስቻለሁ፤ ይቅርታም እጠይቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያሳፍርህ ነገር አይኖርም። አትሂድ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጥሩ መልስ ነበር፤ ሁሉንም የሚያስታርቅ፣ ሁሉን ወደ ነበረበት የሚመልስ። እማማ ሌሲዬሊ እንባቸውን ጠርገው ልጃቸውን በተስፋ አዩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ መልካም ነው ቢል እቤቱ ይገባ ነበር።

ኬፑዌሊ ባሕሩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የእህቱን ፊት አየ፤ ከልጅነታቸው ወዲህ በቀጥታ ሲያያት የመጀመሪያው ነው።

«ተሳስተዋል» አለ።

ማንም አላዘዘውም። እናቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

«ክፍሉን ከለቀቁ እኔ የከፈልኩት ሁሉ ለምን ሆነ?» አላት፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። «ይህን እንደገና ይሥሩት።»

ሻንጣውን አንስቶ ወደ ጀልባው ገባ። አኮሲታ ባለችበት ቆመች፤ እንባዋ ግን አልቆመላትም። ጀልባው ከዓይን ሲሰወር ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ፤ እማማ ሌሲዬሊ ትንሽ አመንትተው ወደ እሷ ተጠጉና ክንዷን ይዘው ወደ ቤት ወሰዷት።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሲደወል አኮሲታ ክፍሏ ውስጥ ነበረች።